«ቦርዱ ተቃጥሏል» ላለ ሁሉ ቀብድ አትክፈሉ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽናችሁ ተበላሽቶ ጠጋኝ ልትጠሩ ካሰባችሁ ከመደወላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ብቻቸውን ቤት የሚውሉ እናትና አባት ያላችሁ ደግሞ ለእነርሱም አንብቡላቸው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ማሽናቸው አጥቦ ሲጨርስ ውሃውን አላስወጣ አላቸው። በአማርኛ የሚያስተዋውቅ ጠጋኝ ጠሩ፤ የአገራቸው ልጅ ነው፣ ቋንቋቸውንም ይሰማል ብለው አመኑት። ሰውየው መጥቶ በሩን ከፈተ፣ አንድ ሁለት ቁልፍ ተጫነ፣ ከዚያም «ፓምፑም ቦርዱም ተቃጥሏል» አለ፤ ፓምፑ ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣው፣ ቦርዱ ደግሞ ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ለመምጫው 95 ዶላር፣ ለዕቃ ማዘዣ 250 ዶላር ቀብድ ተቀበለ። አልበቃውም፤ ማቀዝቀዣውንና ልብስ ማጠቢያውን ጭምር ይሸፍናል ያለውን የዓመት የጥገና ውል አስፈርሞ ወጣ። ያስረዳቸው በአማርኛ ነው፤ ያስፈረማቸው ወረቀት ግን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የማሽኑን የታችኛውን ሽፋን አልፈታም፣ የኤሌክትሪክ መለኪያም ከቦርሳው አላወጣም። ሳይፈታና ሳይለካ ሁለት ውድ ዕቃዎችን ሞተዋል ማለቱ በጣም አናዶኛል።

ፓምፑ በሕይወት እንዳለ ለማወቅ እኮ ጆሮ ይበቃል። ማሽኑ ውሃ የሚያስወጣበት ሰዓት ሲደርስ ፓምፑ ሲያጉረመርም በግልጽ ይሰማ ነበር። ከወጥ ቤቱ ገንዳ ሥር የማስወጫ ቱቦውን ፈትተን ጫፉን ባልዲ ውስጥ ከተትንና ማሽኑን አስነሳነው፤ ውሃው እየተገፋ ባልዲውን ሞላው። ፓምፑ ይገፋል፣ ቦርዱም ያዝዘዋል ማለት ነው። የተዘጋው ከቱቦው ወዲያ ነበር። እኚህ እናት በቅርቡ ከገንዳው ሥር አዲስ የምግብ ትርፍራፊ መፍጫ አስገጥመዋል። አዲስ መፍጫ ከፋብሪካ ሲወጣ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ በፕላስቲክ የተደፈነ ነው። ማጠቢያ ማሽን ባለበት ቤት ገጣሚው ያንን ውታፍ በካቻቢቴና በመዶሻ መትቶ ወደ ውስጥ መጣልና ከመፍጫው ለቅሞ ማውጣት አለበት። ይህ አልተደረገም፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ ወደ ማሽኑ ይመለስ ነበር። የመፍጫውን ኤሌክትሪክ አጥፍተን ውታፉን አወጣን፣ ማሽኑም ሠራ። «በቅርቡ እዚህ አካባቢ የተነካ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠጋኝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ቀብድ የሚባል ነገር አይነሳም ነበር።

ውሃ ያላስወጣ ማሽን ሁሉ ችግሩ ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን የሚፈተሸው ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፉ። በማሽኑ ወለል ላይ ያለውን ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡት፤ በብዙዎቹ ማሽኖች በእጅ ዞሮ ይወጣል። የአጥንት ስብርባሪ፣ የጠርሙስ ወረቀት፣ የብርጭቆ ስባሪ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ እጃችሁን ጠብቁ። ቱቦው እንዳልታጠፈም እዩ። ችግሩ ውሃ አለመግባት ከሆነ ከገንዳው ሥር ያለው መዝጊያ ክፍት መሆኑን፣ በማሽኑ ወለል ላይ ያለችው፣ ውሃ ሲበዛ መግባቱን የምታስቆመው ተንሳፋፊም ወደ ላይና ወደ ታች በነጻነት መንቀሳቀሷን አረጋግጡ። በደንብ አላጥብ ካለ የሚረጩት ክንፎች ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊትም የገንዳውን ቧንቧ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ክፈቱት። አረፋ በበሩ ከፈሰሰ ደግሞ በስህተት የእጅ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮ እንደሆነ ጠይቁ።

በእርግጥ የተቃጠለ ነገር ካለ ጠጋኙ የዕቃውን መለያ ቁጥርና ዋጋውን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የማሽኑ ሞዴል ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በበሩ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ በእርሱ የዕቃውን ዋጋ ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። አሮጌው ዕቃ እንደሚሰጣችሁም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የማሽን ዕድሜ በግምት አሥር ዓመት ነው። የሦስት ዓመት ማሽን ፓምፕ ቢሞት በ150 ወይም በ200 ዶላር ማሠራቱ ያዋጣል። ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ማሽን ግን የአዲሱን ግማሽ ዋጋ አውጥቶ ቦርድ ማስቀየር ገንዘብን ማባከን ነው፤ እኔ ብሆን አላደርገውም። አዲስ ስትገዙም የማስገጠሚያውንና የአሮጌውን ማንሻ ክፍያ ደምራችሁ አወዳድሩ። አደጋ አለው ተብሎ በአምራቹ መልሶ የተጠራ ማሽን መሆን አለመሆኑንም በሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን መዝገብ ተመልከቱ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ጄኔራል ኤሌክትሪክ 1.3 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ማጠቢያዎችን በማሞቂያው ምክንያት ለእሳት አደጋ ያጋልጣሉ ብሎ መልሶ ሲጠራ፣ ለባለቤቶቹ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ነጻ ጥገና ነበር።

ስለ ውሉ ብዙዎቻችን የማናውቀው መብት አለ። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከሸጠላችሁ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ልትሰርዙት ትችላላችሁ። ራሳችሁ ጠርታችሁ ያሠራችሁት ጥገና በዚህ አይሸፈንም፤ ጠጋኙ በዚያው አጋጣሚ የሸጠላችሁ ተጨማሪ ነገር ግን ይሸፈናል። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ውሉም ያግባባችሁ በነበረበት ቋንቋ መጻፍ አለበት። በአማርኛ ሸጦ በእንግሊዝኛ ብቻ ማስፈረም ደንቡን መጣስ ነው። ከሰረዛችሁ በኋላም ገንዘባችሁን በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ ይጠበቅበታል።

ጎረቤቴ ውሉን በጊዜው በደብዳቤ ሰርዘዋል፤ የደብዳቤውን ቅጂና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጠናል። ቀብዱ በክሬዲት ካርድ የተከፈለ በመሆኑ ለባንኩ በጽሑፍ ተቃውሞ ገብቷል፣ መልሱ ገና አልመጣም። የመምጫውን 95 ዶላር የከፈሉት በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ደረሰኝም አልተሰጣቸውም። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው፤ አቤቱታውን ለእርሱም እየጻፍን ነው። እናንተም ሰሞኑን እንዲህ ያለ ውል ፈርማችሁ ከሆነ ቀኑን አሁኑኑ ቁጠሩ፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም፣ ቅዳሜ ግን ይቆጠራል።