ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን፦ ለልጄ ትምህርት ቤት ነርስ

በሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) እና በአካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰው ጥሩ መካኒክና ጥሩ ሹሩባ ሠሪ ሲጠቁም አያለሁ። እኔ ዛሬ የማመሰግነው የልጄን ትምህርት ቤት ነርስ ነው። ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን አልጽፍም። እንደ አገራችን «ሲስተር» ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን ስጠራቸው መነኩሲት መስያት ይሆን ብለው ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን ለምደውታል፤ እንዲያውም ሲደውሉልኝ ራሳቸው «ሲስተር ነኝ» ይላሉ።

የምሠራው ሆቴል ነው፣ ክፍል አዘጋጃለሁ። ስልኬ የሚጮኸው ሁልጊዜ አንሶላውን ግማሽ ድረስ አንጥፌ ሳለሁ ነው። ልጄ በፊት የነበረችበት ትምህርት ቤት ትንሽ ስታስል «ነይ ውሰጃት» ይሉኝ ነበር። አንድ ወር ላይ አራት ጊዜ ከሥራ ወጥቼ አለቃዬ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ቁጥር ስልኬ ላይ ሳይ ገና ሳላነሳው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በጥር፣ በረዶ የጣለ ሰሞን፣ ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሳት አደረ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታይለኖል ሰጠኋት። ሰውነቷ በረድ ሲልልኝ ካፖርቷን አልብሼ ላክኋት። አዎ፣ አውቄ ነው። ይህን የምታነቡ እናቶች ውስጥም ያላደረጋችሁት ብዙ አትመስሉኝም።

5 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሲስተር አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገብተዋል። «ትኩሳቷ 101.8 ፋራናይት ነው። ዛሬ ጠዋት የወሰደችው መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፣ «የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። መቼ ምን እንደወሰደች ካላወቅኩ ትኩሳቱ መድኃኒቱ አልቆ የተመለሰ ይሁን አሁን የጀመራት መለየት አልችልም። ሳያውቅ ደርቦ የሚሰጣት ሰውም ይኖራል» አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ የፎጣ ጋሪውን ተደግፌ እውነቱን ተናገርኩ። ምች መስሎኝ ነው፣ ያልፍላታል ብዬ ነው አልኳቸው። አስተርጓሚው ምችን ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፤ ሲስተር «በዚህ በረዶ ፀሐይ የት አግኝቶ መታት?» ሲሉ ሰማኋቸው። እንባዬ እየወረደ ሳቄ አመለጠኝ።

ስደርስ ልጄ ነርሷ ክፍል ካለችው ጠባብ አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ጫማዋ ወልቆ፣ ካፖርቷ እግሯ ላይ ጣል ተደርጎ። ሲስተር ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። እኔ አለቃቸው የሆንኩ ይመስል አወሳሰናቸውን አንድ በአንድ አስረዱኝ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር አያነሱም፤ ልጁ በር ላይ ሲገባ አካሄዱን ነው የሚያዩት። ከጓደኛው ጋር እየተሳሳቀ የመጣና ግድግዳ ተደግፎ የመጣ አንድ አይደሉም አሉኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ራሳቸውን ይጠይቃሉ፦ ክፍል ገብቶ መማር ይችላል? እሱን ሲያስታምሙ ሌሎቹ ልጆች ይጎዳሉ? ያለበት ነገር ሌሎቹ ላይ ይጋባል? ሦስቱም ደህና ከሆኑ ውሃ አጠጥተው፣ ትንሽ አሳርፈው ወደ ክፍል ይመልሱታል። እናት አትጠራም።

ትኩሳት ከ100.4 (በእኛው መለኪያ 38) ካለፈና ልጁ ከደከመ ግን ቤት ነው። የሚመለሰውም ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ሲቆይ ነው። «ያለ መድኃኒት» የምትለዋን ሲናገሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስመለሰም እንዲሁ። ንፍጥ ብቻውን ከትምህርት አያስቀርም፤ አረንጓዴ ቢሆንም። ይህን ስሰማ ተከራከርኳቸው፤ አረንጓዴ ንፍጥ ካየሁ አንቲባዮቲክ ካልታዘዘ ብዬ ሐኪም ቤት የማውክ ሴትዮ ነኝ።

ቅማል የተገኘባት ቀን ደግሞ ከኀፍረቴ ብዛት ልወስዳት በሩጫ ሄድኩ። «የዛሬን ትማር፣ ማታ ታጸጃታለሽ። ይሄ እኮ ዛሬ አልመጣም፤ ሳምንታት አልፎታል» ብለው ወደ ሥራዬ መለሱኝ። ለማንም አላወሩም። እኔው ነኝ ይኸው ያወራሁት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሆድ ቁርጠቱን ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ልጄ ከምሳ በኋላ «ሆዴን» እያለች ነርሷ ጋ መመላለስ ጀመረች። ትኩሳት የለ፣ ማስመለስ የለ። ሌላ ቢሆን ወይ ወደ ቤት ይልካታል፣ ወይ ተንኮለኛ ናት ይላታል። ሲስተር የመጣችበትን ሰዓት በሙሉ መዝግበውት ኖሯል፤ ሁሌም ያው ሰዓት ነው። ደውለው «ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» አሉኝ። አሰብ አደረግኩ። ቦርሳዋን ወርውራ ሽንት ቤት ነው የምትሮጠው! ለካ የሴቶቹ ሽንት ቤት መቀርቀሪያው አይዘጋም፤ አንድ ቀን ሰው ከፍቶባት አፍራ፣ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይዛ ነው የምትውለው። መቀርቀሪያው እስኪሠራ በነርሷ ክፍል ሽንት ቤት እንድትጠቀም ተደረገ። ቁርጠቱ በሳምንቱ ጠፋ። እኔ እኮ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ የጓዳዬን ምግብ ሁሉ ስጠረጥር ነበር የከረምኩት።

እንደ መካኒክ ቁጥራቸውን ላካፍላችሁ አልችልም፤ ልጃችሁ የሚደርሰው በየትምህርት ቤቱ ያለው ነርስ ነው። ጥቆማዬ ግን ይኼ ነው፦ ልጃችሁ ሳይታመም በፊት ሄዳችሁ ተዋወቋቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። በካውንቲያችን በሞንትጎመሪ አንድ ነርስ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ሊሸፍኑ ስለሚችሉ ሁልጊዜ ላታገኟቸው ትችላላችሁ፤ ክፍሏን የምትጠብቀዋን ረዳታቸውንም እወቋት። መድኃኒት በልጁ ቦርሳ አትላኩ፤ ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ያስፈልጋል። እናንተን ካጡ የሚደውሉለት፣ በቀን ስልኩን የሚያነሳ ሰው ቁጥርም ስጧቸው። ባለቤቴ ሌሊት ኡበር ሲነዳ አድሮ ቀን ስለሚተኛ የእኛ ሁለተኛ ቁጥር የጎረቤታችን የእትዬ ነው። ጠዋት የሰጣችሁትን መድኃኒት ደግሞ ንገሯቸው፣ እባካችሁ።

ግንቦት ላይ የነርሶች ሳምንት ሲከበር ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ገና ትኩስ ነበር። ሲስተር ገለጥ አድርገው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ቀና ብለው፦

«ለውዝ አለበት?»