ኮርግ ሞኖሎግ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ሰባቱ ሥራ ፈት ቁልፎች

ይህችን ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የምትፈጥር ኪቦርድ) የገዛኋት ቅኝቷን መለወጥ ስለሚቻል ብቻ ነው። ኮርግ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ሲያቀርባት፣ ኤፌክስ ትዊን በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ በአሠራሯ ላይ አማክሮ ነበርና፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ከፒያኖው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይቻላል። ቁልፎቿ 25 ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የምታወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ማሲንቆም ያለው አንድ አውታር ነው፤ በዚህ ቅር የተሰኘ አዝማሪ ግን አላየሁም። በስድስት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ስለምትሠራ፣ ከብሔራዊ ቲያትር ብዙም በማይርቀው ክፍሌ መብራት ሲጠፋ እኔና እሷ ሥራ አናቋርጥም።

የዳንስ ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ቅኝት ምን ያደርግለታል ለሚለኝ፣ በቁጥር ላስረዳ። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት ነው፤ ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው። በትልቁ ትዝታ (ሜጀር በሚባለው የትዝታ ቅኝት) ሦስተኛው ድምፅ በፒያኖ 400 ሴንት ላይ ይቀመጣል፤ ከቤዙ (ከወፍራሙ ድምፅ) ጋር ያለ ግጭት የሚገጥመው ግን 386 ላይ ነው። ቤዙ በሴኮንድ 110 ጊዜ ሲርገበገብ፣ በውስጡ ያለው አምስተኛ ድርብ ድምፅ፣ የመነሻው አምስት እጥፍ፣ 550 ይሆናል። የፒያኖው ሦስተኛ ድምፅ በዚያ ከፍታ 554.4 ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሲጋጩ በሴኮንድ 4.4 ጊዜ የሚወዛወዝ ነገር ይወለዳል። ከበሮው በደቂቃ 120 ሲመታ ደግሞ በሴኮንድ ሁለት፣ እጥፉ አራት ነው። እንግዲህ ማንም ያልጠራው፣ ምትም የማይጠብቅ ሌላ ከበሮ ገባ ማለት ነው። በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይህ ነገር ደረት ላይ ይሰማል።

ታዲያ ትክክለኛው ልክ የቱ ነው? ስካላ በሚባለው የፋይል ዓይነት የተዘጋጁ ቅኝቶችን በኮምፒውተር ማስገባት ይቻላል። እኔ ግን ጎረቤቴ የሆኑትን አዛውንት ክራር ተጫዋች መረጥኩና ስልኬን ይዤ አውታሮቻቸውን ለካሁ። የማክሰኞውና የሐሙሱ ልክ አልተገናኙም። «ጋሼ፣ ትክክሉ የትኛው ነው?» ብላቸው፣ «እሱማ እንደ ድምፃዊው ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህ መልስ የመሣሪያዋን አጠቃቀሜን ገለበጠው። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ስለዚህ በአንድ ኦክታቭ ካሉት 12 ቁልፎች ሰባቱ ሥራ ፈት ናቸው። እነዚህን ሰባቱን የአምስቱ ድምፆች ታናናሽ ወንድሞች አደረግኳቸው፤ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ከፍ ያለ። ስጫወት እንደ ስሜቴ ከአንዱ ወደ ሌላው እሻገራለሁ። በተለይ አንቺ ሆዬ ሁለት ጠባብ እርምጃዎች ስላሉት፣ እዚያ ላይ ለውጡ ጎልቶ ይሰማል። በትልቁ ትዝታ ለውጡ ያን ያህል አይደለም፤ እሱን ብቻ ለሚሠራ ሰው ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው እላለሁ።

በሦስተኛው ወር ስታዲየም አካባቢ አንድ ምሽት አፈርኩ። አብሮኝ የተጫወተው ጓደኛዬ ኪቦርዱ በፒያኖው ልክ እንደተቃኘ ነበር፤ እኔ ደግሞ አምስቱንም ድምፆች ነካክቼአለሁ። አስተናጋጁ መጥቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ መነሻውንና አምስተኛ የሚባለውን፣ በፒያኖ 700 ሴንት ላይ ያለውን ድምፅ አልነካም፤ አምስተኛው እንደሆነ ንጹሑ ከፒያኖው የሚለየው በሁለት ሴንት ብቻ ነው። ቤዙና ከበሮው በቦታቸው ይቆያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው ዜማው ነው። በስድስት ስድስት ለሚቆጠረው ለችክችካ ደግሞ፣ መሣሪያዋ ዜማ የምትደጋግምባቸውን 16 እርከኖች ወደ 12 ማሳጠር ይበቃል።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ክራራቸውን ይዘው መጡ። ጥቂት አዳመጡና ከመሣሪያዋ ጋር ለመግጠም አውታራቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ወደ እርስዎ ልምጣ» አልኩ። ትንሿ ስክሪን ላይ አጎንብሼ ቁጥር ስቀያይር እሳቸው ሁለተኛውን ስኒ ቡና ጨረሱ።