«ጋዝ ብቻ ነው» ሲሏችሁ ጠርጥሩ፦ የአሮጌ መኪና ኤሲ ነገር

ጎበዝ፣ ለበዓልም ለሥራም ወደ አዋሽ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ከመውረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «የመኪና ኤሲ ጋዝ እንሞላለን» ብሎ የለጠፈ ሁሉ ኤሲ ይጠግናል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚሸጡላችሁ ጋዝ ነው። ጋዙ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የለም።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። ጋዙን ከሚገፋው ኮምፕሬሰር ተነስቶ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው፣ ሙቀቱን ወደሚያስወጣው ኮንደንሰር ይሄዳል። ከዚያ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በሚባለው ጠባብ መንገድ አልፎ ክሩስኮት ውስጥ ወደተቀበረው፣ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ይገባል፤ ተመልሶም ኮምፕሬሰሩ ጋ ይመጣል። በጎማ ቱቦዎቹና በኦሪንጎቹ (በመገጣጠሚያ ጎማ ቀለበቶቹ) በኩል በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ማምለጡ ያለ ነው፤ በተለይ መኪናው ሲያረጅ። በሁለት ወር ባዶ የሚሆን ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦታውን ሳይፈልግ የሚሞላላችሁ ሰው በወንፊት ውሃ እየቀዳ ነው። የውሃውን ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የእህቴ ባል ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያለፈ ኮሮላ አለው። ሥራው አዳማና አዋሽ ያመላልሰዋል። ኤሲው አልቀዘቅዝ ሲለው አንድ ጋራዥ ገባ። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ ስላልሆነም ነው። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ ጋዝ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም» አለው። እውነትም አልፈጀም። ሲሊንደሩን አገናኘ፣ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አየት አደረገ፣ ሞላ። ከዚያ የሰውዬውን እጅ ይዞ አየር መውጫው ላይ አስቀመጠለት። «በረዶ አይደለም?» በረዶ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሞቀ። ተመልሶ ሄደ፤ ተሞላለት፤ ከፈለ። አሁንም ሞቀ። በመጨረሻ ዜማው ተቀየረ፦ «ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ አለን፤ ለእርስዎ ቅናሽ እናደርጋለን።»

እዚህ ላይ ነው ሌላ ባለሙያ ጋ የወሰድነው። ሰውዬው ጋዝ የሚባል ነገር አላነሳም። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ መብራት ይዞ ከመኪናው ፊት ተንበረከከ። ኮንደንሰሩ ታችኛው ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁር፣ ቅባት ያለው አቧራ ተለጥፋለች። ሌላው የኮንደንሰሩ ክፍል ደረቅ አቧራ ነው፤ እሷ ብቻ ትረጥባለች። ጋዙ ውስጥ የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ ባመለጠበት ሁሉ ዘይት ይወጣል፤ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይይዛል። መስመሩን በናይትሮጅን ወጥሮ፣ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባት። አረፋዋ መፍላት ጀመረች። ጠጠር የመታው ቦታ ነው። ይኼን ለማየት ዕውቀትም አያስፈልግም፤ መንበርከክ ብቻ ነው።

ኮምፕሬሰሩስ? ምንም አልሆነም። ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት እንዳይሽከረከር የሚከለክል የግፊት ስዊች አለ። ጋዙ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ስዊቹ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክላች አይይዝም፣ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል። ማለትም መኪናው ራሱን እየጠበቀ ነበር። ይህንን ማንኛውም የኤሲ መካኒክ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ጌጅ ሳያስገባ፣ ፊውዝና ሪሌ ሳያይ «ኮምፕሬሰር ይቀየር» የሚላችሁ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ኮንደንሰሩ ተቀየረ፤ እርጥበት የሚመጠው ድራየርም አብሮ ተቀየረ። የሙሌቶቹ ክፍያ ሲደመር የኮንደንሰሩን ዋጋ በልጦ ነበር።

አሁን ወደ «በረዶ አይደለም?» ልመለስ። ትልቁ ሽወዳ ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ኤሲ ይሠራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውጪው 20 ዲግሪ ሆኖ ከመውጫው 11 ዲግሪ ቢነፍስ እጃችሁ በረዶ ይለዋል። ያው መኪና አዋሽ ወርዶ 38 ዲግሪ ሲያገኘው ያልተሠራው ሁሉ ይወጣል። የእህቴ ባል በፈጣን መንገዱ ሲሄድ ደህና ይነፍስለትና አዳማ መውጫ ላይ ለክፍያ ሲቆም ትኩስ ይሆንበት ነበር። ይህ ምልክት ነው። መኪናው ሲሮጥ ኮንደንሰሩን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ፋኑ ብቻ ነው ያለው። ፋኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ኮንደንሰሩ በአቧራና በትንኝ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ወይም መስመሩ ውስጥ ከጋዙ ጋር ተራ አየር ገብቷል። ስለዚህ በእጃችሁ አትፈትሹ። ትንሽ ቴርሞሜትር የመሃለኛው መውጫ ላይ ሰክታችሁ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፀሐይ ላይ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይሥራ። ጤነኛ ኤሲ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ያወጣል። መካኒኩ ጥላ ውስጥ ካልሆነ አልፈትሽም ካለ ገባችሁ።

ተራ አየር እንዴት ይገባል? ቫኩም ሳይደረግ ሲሞላ። መስመሩ ከተከፈተ ወይም ባዶ ከሆነ፣ ከጋዙ በፊት በቫኩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ መውጣት አለበት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፤ ብዙ ጊዜ ክፍት ከቆየ ከዚያም በላይ። ከዚያ ፓምፑ ጠፍቶ ጌጁ ይጠበቃል፤ ወደ ዜሮ መመለስ ከጀመረ አሁንም ያፈሳል ማለት ነው። እርጥበት ከቀረ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፣ ከዘይቱ ጋር ሆኖም ውስጡን ይበላል። «ሃያ ደቂቃ» የሚለው ተስፋ ውሸት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ቫኩሙ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። እግረ መንገዴን፣ ሐቀኛውን ሰው በከንቱ እንዳትጠረጥሩት፦ ጌጁ ላይ የቫኩም ቁጥሩ እስከ 30 ተጽፏል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ከ22 ወይም ከ23 አያልፍም። ፓምፑ ደክሞ ሳይሆን ከፍታችን ላይ ያለው የአየር ግፊት ስለሚያንስ ነው። እዚህ ሆኖ «30 ገባልኝ» የሚል ካለ ጌጁ ከመጀመሪያውም ዜሮ ላይ አልነበረም።

በቫኩም ፋንታ መስመሩን በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር የሚነፉም አሉ። ያ አየር ውሃ አለው። አስቁሟቸው።

የጋዙ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አሁን መንገድ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች የተሠሩት አር 134ኤ ለሚባለው ጋዝ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የነበሩት በአር 12 ነበር የሚሠሩት። አር 12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ «የድሮውን ኦሪጅናል 12 አለኝ» የሚላችሁ ሰው ሲሊንደር ውስጥ ምን እንዳለ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። እንዲህ ዓይነት መኪና ያላችሁ፣ ዘይቱና ኦሪንጎቹ ተቀይረው ወደ 134ኤ ማዞር ነው የሚያዋጣችሁ።

ርካሽ ሲሆን ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ የቤት ኤሲ ጋዝ፣ አር 22 ነው። ግፊቱ በጣም ይበልጣል፤ የመኪናችሁ ቱቦና ኮምፕሬሰር ለዚያ አልተሠራም። ይህን መያዝ ቀላል ነው፦ ጥላ ውስጥ የቆየ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሲሊንደር ላይ ጌጅ ሲገጠም 134ኤ ከሆነ ወደ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳያል፤ 22 ከሆነ ከ120 ያልፋል። ሁለተኛው የባሰው ነው፤ ከቡታ ጋዝ ዘር የሆነ ድብልቅ። ግፊቱ 134ኤን እንዲመስል ተደርጎ ስለሚቀላቀል በጌጅ አይያዝም፤ እንዲያውም ደህና ያቀዘቅዛል። ችግሩ ይቃጠላል። ኢቫፖሬተሩ ያለው እናንተና ልጆቻችሁ የምትቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ካፈሰሰ የሚያፈሰው እዚያ ነው። የሲሊንደሩ ሰማያዊ ቀለምም፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 በቬትናምና በብራዚል የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። ምክንያቱ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ጋዝ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተዋህዶ ነው። የእኛም ኮንደንሰር አሉሚኒየም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሚዛን የሌለው ጋራዥ ውስጥ አታስሞሉ። ይህን በጣም ነው የማጠብቀው። ጋዝ የሚለካው በግራም ነው። ትክክለኛው መጠን ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል፤ ትናንሽ መኪናዎች በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 ግራም ነው የሚወስዱት። ሲሊንደሩ ዲጂታል ሚዛን ላይ ይቀመጥ፣ ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሲያልቅም አንሱ። «ጨመር አደርግልዎታለሁ» ሲላችሁ እንደ ቸርነት አትዩት። የበዛ ጋዝ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ግፊቱን ያንረዋል፣ ኮምፕሬሰሩንም ይገድላል። ያኔ የዱባዩ ኮምፕሬሰር ይመጣል።

«ቀዳዳ የሚደፍን መድኃኒት እንጨምርበት» የሚሉም አሉ። አትስማሙ። ቀዳዳው ካለበት ይልቅ ጠባብ መንገድ ባለበት፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩና ድራየሩ ውስጥ፣ ሊረጋ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሐቀኛ ባለሙያም ማሽኑን መኪናችሁ ላይ መሰካት ይፈራል። ቱቦ በእሳት ከመበየዱ በፊትም መስመሩ ባዶ መሆኑን ጠይቁ። የኤሲ ጋዝ እሳት ሲያገኘው የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

«ኢቫፖሬተሩ ነው የሚያፈሰው» ከተባላችሁ ማስረጃ ጠይቁ። ክሩስኮቱ በሙሉ ይፈታል፤ ለእነሱ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ለእናንተ ዕድሜ ልክ ሲንሳጠጥ የሚኖር ፕላስቲክ። እውነት ከሆነ ጋዝ በሚያሸት መሣሪያ አየር መውጫው ጋ ይያዛል፣ ወይም የኤሲው ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ዘይት ወይም ፍሳሹን ለመለየት መስመሩ ውስጥ የሚጨመረው ቀለም ይታያል። ካላሳዩአችሁ አይፈታ።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌዎች ይዘን እንደምንቆይ ጋራዦቹም ያውቃሉ። ያገለገለ ኮምፕሬሰር የግድ ከሆነባችሁ ሶማሌ ተራ ስትገዙ በእጃችሁ አሽከርክሩት። እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ተዉት። ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱ፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ያ ብናኝ ነገ እናንተ መስመር ውስጥ ነው።

ደረሰኝ ላይ «የኤሲ ጥገና» ብቻ ጽፈው እንዳይሰጧችሁ። የጋዙ ዓይነት፣ ግራሙ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ደረሰኝ መቀበል መብታችሁ ነው። የእህቴ ባል በእጁ የነበረው መጠን የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ በሱ ማንም ጋ መከራከር አልተቻለም። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ተቀየረ የተባለው እውነት መቀየሩን የምታውቁት በሱ ነው።

ከሞላችሁ በኋላ ደግሞ ኤሲውን አታስተኙት። አዲስ አበባ ብርድ ነው ብላችሁ ወራት ከዘጋችሁት የኮምፕሬሰሩ የፊት «ሲል» (ጋዙን አፍኖ የሚይዘው መዝጊያ) ዘይት አጥቶ ይደርቃል፤ ማፍሰስ የሚጀምረውም እዚያ ነው። በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ይሥራ። ክረምት ላይ መስታወት በእንፋሎት ሲሸፈን መክፈቱ ለሁለቱም ይሆናል። ከጋራዡ ከመውጣታችሁ በፊት የሁለቱን የመሙያ ቫልቮች ክዳን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ልጆቹ አውልቀው ሞተሩ ላይ ይረሱታል። ክዳኑ ራሱ ውስጡ ጎማ ያለው ሁለተኛ መዝጊያ ነው፤ ከሌለ አቧራ ይገባል፣ ቫልቩም ቀስ እያለ መልቀቅ ይጀምራል።