«ክሪፒ» ቅጽ አንድ፦ ከተረሳ መጽሔት የተመለሱ አስፈሪ የሥዕል ታሪኮች

ዳርክ ሆርስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የ«ክሪፒ» መጽሔትን እትሞች በጠንካራ ሽፋን ጠርዞ ባያወጣ ኖሮ፣ እነዚህን ታሪኮች እንደ ልብ የሚያነባቸው የድሮ መጽሔት ሰብሳቢ ብቻ ይሆን ነበር። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቅጂ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ ጠርዙ በተነካ ቁጥር የሚፈረፈር ስለነበር ገጽ መግለጡ ራሱ ያስጨንቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት እትሞች የያዘውን ይህን ቅጽ ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ግን፣ ትልቁ ሀብት ጭራቆቹ ሳይሆኑ ሠዓሊዎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ የሠሩት ሥራ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ታሪኮቹ በመጽሔት የወጡበት ምክንያት አለው። በ1954 የአሜሪካ ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) አሳታሚዎች፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ምርመራና የወላጆች ቁጣ ሲበረታባቸው፣ ራሳቸው ባጸደቁት ደንብ ቫምፓየርን፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰውንና ከመቃብር የሚነሣ ሙትን ከኮሚክ መጻሕፍት አገዱ። ደንቡ ግን በትልቅ ገጽ፣ በጥቁርና ነጭ የሚታተም መጽሔትን አይመለከትም ነበር። ከ1958 ጀምሮ ስለ ጭራቅ ፊልሞች የሚያወራ መጽሔት ያሳትም የነበረው ጄምስ ዋረን በዚህ ክፍተት ገባ፤ በ1964 «ሞንስተር ወርልድ» በተሰኘው ሌላ መጽሔቱ ከድሮ ፊልሞች የተወሰዱ አጫጭር የሥዕል ታሪኮችን ከሞከረ በኋላ «ክሪፒ»ን በ35 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት አስፈሪ ኮሚክ ይሠሩ የነበሩ እንደ ሪድ ክራንዳል ያሉ ሠዓሊዎችም እዚህ ተሰባሰቡ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ አርቺ ጉድዊን ጽፎት አል ዊሊያምሰን የሣለው፣ በመጀመሪያው እትም ያለው ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ዝነኛ የጋዜጣ ሥዕል ታሪክ ሠሪ ነው፤ ነገር ግን ድርሰቱን አንዱ፣ የእርሳስ ንድፉን ሌላው፣ የቀለም ሥራውን ሦስተኛው በድብቅ ይሠሩለታል፣ ገንዘቡና ስሙ ግን ለእሱ ነው። ነገሩ ሲገለጥ ሦስቱንም ይገድላል፤ እነሱም ሞተው አይቀሩም። ዊሊያምሰን ራሱ የሌላ ሠዓሊ ስም በሚወጣበት የጋዜጣ ታሪክ ላይ በረዳትነት ሠርቶ ያውቃልና፣ የሟቾቹ ቁጣ ባዶ ማስፈራሪያ አልመሰለኝም። ለበቀል የሚመጡት ጭራቆች የድካማቸውን ዋጋ ያጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ሥጋቸው የበሰበሰ ቢሆንም ፍርዱ የእነሱ መሆኑን አንባቢው ያውቃል። በዚያው እትም ፍራንክ ፍራዜታ የሣለው የተኩላ ሰው ታሪክም አለ፤ ኋላ በሽፋን ሥዕሎቹ የገነነው ይህ ሰው በመጨረሻ ከሠራቸው የሥዕል ታሪኮች አንዱ ነውና እሱን ለማየት ብቻ መጽሐፉን መግዛት አያስቆጭም።

ታሪኮቹን እየከፈተ የሚዘጋው አጎት ክሪፒ የሚባል አስቀያሚ ሽማግሌ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ ለለመደ አንባቢ ይህ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አሳታሚው የአንባቢዎችን ደብዳቤዎችና የዘመኑን ማስታወቂያዎች አብሮ ማተሙም ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ መጽሔቱን ማን በጉጉት ይጠብቀው እንደነበር የሚታየው በእነሱ ነው።

ድካም የለበትም ማለት ግን አይቻልም። ቫምፓየር ሲያሳድድ የቆየው ሰው ራሱ ቫምፓየር ሆኖ የሚገኝበት ዓይነት ፍጻሜ ስለሚደጋገም፣ አምስቱን እትሞች በአንድ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው መሰልቸቱ አይቀርም። በአንድ ምሽት ሁለት ወይም ሦስት ታሪክ ይበቃል። የሚቻል ከሆነም በስልክ ሳይሆን በወረቀቱ ይነበብ፤ ክራንዳል በጥላ ውስጥ የደራረባቸው ቀጫጭን መስመሮች በትንሽ መስታወት ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ፣ በትልቁ ገጽ ላይ ግን የግድግዳው ድንጋይና የመጋረጃው እጥፋት ተለይቶ ይታያል።