በእሳት ብርሃን የሚታየው የኪዮቶው ኖ ተውኔት፦ ከጎጃም ለሚሄድ ተመልካች

ለአጭር ሥልጠና ወደ ጃፓን በሄድኩበት ወቅት፣ ግንቦት 24 ቀን ምሽት፣ በኪዮቶ ከተማ በሄይአን መቅደስ ግቢ የቀረበውን፣ ኖ የተባለውን በጭንብል የሚጫወቱት ጥንታዊ የጃፓን ተውኔት ተመልክቻለሁ። ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ለትምህርት ወደዚያ አገር የሚዘልቅ ሰው አይጠፋምና፣ በተለይ በቅኔ ቤት ደጃፍ ላደገ ሰው ይህ ትርኢት ምን እንደሚሰጠው መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መቅደሱ የጃፓኖች ነባር እምነት የሆነው የሺንቶ ሲሆን፣ የተሠራው ኪዮቶ መናገሻ የሆነችበትን 1100ኛ ዓመት ለማሰብ እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በግቢው ኖ በየዓመቱ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 እና 25 ላይ በሚውሉት ሁለት ምሽቶች ይቀርባል። ጥበቡ ግን ከዚህ እጅግ የቀደመ ነው፤ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የሰጡት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት ካንአሚና ልጁ ዜአሚ ናቸው።

ቅሬታዬን አስቀድሜ ልናገር። ትኬቱን የቆረጠልን አስጎብኚ «ዋናው ነገር እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ያለው ነው» ብሎ ስላዘገየን፣ የመጀመሪያውን ተውኔት ከግማሹ ያዝነው። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ትርኢቱ የሚጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ቀኑ ቀስ እያለ ሲመሽ፣ በብረት ቅርጫት የተደረደረው እንጨት ሲቀጣጠልና የቤተ መቅደሱ ቀይ ዓምዶች በነበልባሉ ሲደምቁ ማየት የተውኔቱ አንድ ክፍል ነው።

ስለ ኖ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዝግ ያለና አሰልቺ ነው የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ተዋናዩ ነጭ የጨርቅ ካልሲ አጥልቆ፣ ተረከዙን ከወለሉ ሳያነሣ፣ እግሩን እያንሸራተተ ይገባል፤ በጎን በኩል ስምንት ያህል ሰዎች ተንበርክከው በአንድ ድምፅ ያዜማሉ፤ ከኋላ ዋሽንትና ከበሮ ይሰማል። አብሮኝ የነበረው የሞጣ ልጅ በልጅነቱ የማኅሌት አቋቋም የተማረ ነው፤ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ገና ዝማሜው ላይ ናቸው፤ ጽፋቱ ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሡ» አለኝ። ዝማሜ የማኅሌቱ ዝግታ፣ ጽፋት ጥድፊያው ነው፤ እውነትም መጣ። ጃፓኖች ይህን አካሄድ ጆ፣ ሃ፣ ኪዩ ይሉታል፤ በዝግታ ይጀምራል፣ መካከሉ ላይ ይፍታታል፣ በጥድፊያ ይደመደማል። ማኅሌታችን ጸሎት፣ ኖ ደግሞ ታሪክ ያለው ተውኔት ስለሆነ ሁለቱን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሌሊቱን መቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሰው ግን ዝግታውን ከማንም በተሻለ ይረዳዋል።

በዚያ ምሽት ከታዩት መካከል ልቤን የነካው «ሃጎሮሞ» ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በሚሆ የባሕር ዳርቻ በጥድ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የላባ ልብስ ያገኛል፤ ባለቤቷ የሰማይ ልጅ ናት፣ ያለ ልብሱም ወደ አገሯ መመለስ አትችልም። ብትጨፍርልኝ እመልስልሻለሁ ይላታል፤ አስቀድሞ ቢሰጣት ግን ትበርራለች ብሎ ይሠጋል። እርሷም መጠራጠር የሰው ነው፣ በሰማይ ሐሰት የለም ስትለው አፍሮ ይሰጣታል። ጭንብሉ ከሂኖኪ እንጨት የተጠረበ፣ የማይንቀሳቀስ ፊት ነው፤ ሆኖም ተዋናዩ ጥቂት ቀና ሲል የሚያበራ፣ ጥቂት ሲያቀረቅር የሚያዝን ይመስላል። ከእሳቱ የሚወርደው ጥላ በጉንጩ ላይ ሲላወስ፣ እንጨት መሆኑን ፈጽሞ ረስቼ ነበር።

የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ ቤቶች ስም እየሰማ ያደገ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የኖ ግጥም በኅብረ ቃል የተሞላ ነው። «ማትሱ» የሚለው ቃል በጃፓንኛ ጥድም ነው፣ መጠበቅም ነው፤ ገጣሚው የባሕር ዳር ጥድን ሲጠራ ወዳጇን የምትጠብቅ ሴትን ማንሣቱ ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ጥንታዊ በመሆኑ ለዛሬዎቹ ጃፓኖችም ይከብዳል፤ በአጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ግጥሙን ከመጽሐፍ እየተከተሉ ነበር ያዳመጡት። ስለዚህ የተውኔቱን ታሪክ ሳያነቡ መሄድ አይገባም።

በማግስቱ ያለ አስጎብኚ ተመልሼ ሄድኩ፤ በጊዜ ደርሼም ከከበሮ መቺዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። በትከሻ የሚያዘው ትንሹ ከበሮና በጉልበት ላይ የሚያርፈው ትልቁ ሁለቱም የፈረስ ቆዳ የለበሱ ናቸው፤ የትልቁ ቆዳ ከትርኢቱ በፊት በከሰል ፍም ይደርቃል፣ ትንሹ ግን እርጥበት ይሻል። መቺው በየዕረፍቱ ትንሹን ከበሮ ወደ አፉ አስጠግቶ በትንፋሹ ቆዳውን ሲያለሰልስ፣ እርጥብ ቁራጭ ወረቀትም በጀርባው ቆዳ ላይ ሲለጥፍ አየሁ። ከዚያ «ዮ» ብሎ በረጅሙ ጮኸና አንድ ጊዜ ብቻ መታው፤ ድምፁ እንደ ጠብታ ለስልሶ ወጣ።