የወረቀት መቆራረጫ ማሽን፦ በረጅሙ የሚሰነጥቀው ወይስ አግድምም የሚቆርጠው?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ አነስተኛ የሂሳብ ወይም የጽሕፈት ቢሮ የከፈተ ሰው ዘንድ የደንበኞች መታወቂያ ኮፒ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫና የተበላሸ የውል ረቂቅ ይከማቻል፤ ይህ ወረቀት ለሱቅ መጠቅለያ እንዳይውል መቆራረጫ ማሽን መግዛት ተገቢ ነው።

ዋጋ፦ የሚሰነጥቀው ረከስ ይላል፤ አግድምም የሚቆርጠው ይወደዳል።

አያያዝ፦ የመጀመሪያው ስለቱ ቀላል በመሆኑ እምብዛም አይታነቅም፤ ሁለተኛው ስለቱ በየጊዜው ዘይት መቀባት አለበት፣ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውም ወረቀት ያነሰ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወረቀቱ በስለቱ መካከል ስለሚቀር፣ የትኛውም ቢገዛ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ያለው መሆኑ ይታይ።

ምስጢር ጠባቂነት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዲን 66399 በተባለው የጀርመን መለኪያ፣ ፒ-2 ደረጃ ያለው የሚሰነጥቅ ማሽን እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ክሮች ሲያወጣ፣ አግድምም የሚቆርጠው የፒ-4 ማሽን አንድ ቁራጭ ግን ከ160 ካሬ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወረቀቱ በጎኑ ከገባ አንድ ሙሉ የጽሑፍ መስመር፣ ከነሂሳብ ቁጥሩ፣ በአንዱ ክር ላይ ሳይቆረጥ ሊተርፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቴህራን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በተያዘ ጊዜ የተሰነጠቁት ሰነዶች በእጅ ተገጣጥመው የተነበቡትም ክሮቹ ረጃጅም ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ የራሱን አሮጌ ደረሰኝና የልጆቹን ደብተር ብቻ ለሚያስወግድ ቤተሰብ የሚሰነጥቀው ይበቃዋል፤ የሌላ ሰው ስም፣ ፊርማና የሂሳብ ቁጥር በአደራ የያዘ ቢሮ ግን፣ ዋጋው ቢከብደውም፣ ፒ-4ን ቢመርጥ ይሻለዋል።