ለቡቺ ቤት ላገኙላት የእንስሳት ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ከአምናው ክረምት ጀምሮ ከእኛ ጋር የኖረችውን ቡቺን ባለፈው ወር ለአዲስ አሳዳጊ በሰላም ያስረከብነው በአንድ ሰው ትጋት ነውና፣ በአያት አካባቢ ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ የሚያክሙትን የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ቡቺን ያገኘናት ከአንድ የኮንቴይነር ሱቅ ሥር ዝናብ ተጠልላ ነበር። በቡችላነቷ የታሰረችበት ሽቦ እሷ ስታድግ የሚፈታላት በማጣቷ አንገቷ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ፣ ቁስሉ ከሩቅ ይሸት ነበር። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግተዋት፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ሽቦውን በፒንሳ እየቆረጡ ሲያወጡ ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛላቸው እንደነበር አልረሳም።

ዘንድሮ ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልንዛወር ሆነና አከራያችን ውሻ እንደማይፈቅዱ ሲነግሩን፣ የቡቺ ነገር እንቅልፍ ነሣን። በር ከፍታችሁ ልቀቋት ያሉን አልጠፉም። ሐኪሙ ግን ጉዳዩን እንደ ራሳቸው ይዘው፣ አስቀድመው አመከኗት፣ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጧት፣ በየዓመቱ መታደስ ያለበትን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ከትበው ቀኑን በካርዷ ላይ ጻፉ፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውምና፣ የሚወስዳት ቤተሰብ ካርዱን በእጁ ሳይዝ እንዳትሄድ አጥብቀው አሳሰቡን።

መጀመሪያ የጠየቁን ሰው ለመጋዘን ጥበቃ ነበር የፈለጓት። ሐኪሙ «ቀን ቀን ትፈታለች?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ውሻ ከተፈታ ሰው ይለምዳል» የሚል መልስ ሰጡ። እኔ በችኮላ እሺ ልል ነበር፤ እሳቸው ግን በትሕትና አመስግነው ሸኟቸው። በአገራችን ውሻን በአጭር ሰንሰለት ማሰር እንደ ደንብ በሚታይበት ሁኔታ፣ ይህን አንድ ጥያቄ አለማለፋቸው ከሁሉም በላይ ያከበርኩላቸው ነገር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በለገጣፎ ግቢ ያላቸው ጡረተኛ መምህር ሲመጡ፣ ሐኪሙ ራሳቸው ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ አጥሩን ዞረው አዩ፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተትም ቁጢጥ ብለው በጭብጣቸው ለኩ። የቤቱ ልጆች ውሻ ይፈሩ እንደሆነና መምህሩ አገር ቤት ሲሄዱ ማን እንደሚያበላት ሳይቀር ጠየቁ። ለእኛም የምትተኛበትን ብርድ ልብስ ሳናጥብ አብረን እንድንልክ፣ ለመምህሩም ውሻ የቀድሞ ቤቱን ፍለጋ ስለሚወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከግቢ እንዳያስወጧት፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ እንዳይሰጧት አስረዱ። ማሳደጉ ካልተመቸ ለሌላ ሰው ሳትተላለፍ ወደ እኛ እንድትመለስ በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራርመናል።

ለዚህ ሁሉ ድካም የተቀበሉን የመድኃኒቱን፣ የክትባቱንና የማምከኑን ዋጋ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ መምህሩ ጋብዘውን ሄደን ነበር። ቡቺ ሮጣ መጥታ እጃችንን ከላሰች በኋላ ተመልሳ ከመምህሩ ወንበር ሥር ተኛች፤ በአንገቷ ጠባሳ ላይም ጠጉር በቅሏል።

ውሻ ማሳደግ የምትፈልጉ፣ ወይም እንደ እኛ ለማስረከብ የተገደዳችሁ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ሐኪሙን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።